የተስፋነሽ በር

ልጄ ኢክላስ፣ አላህ ዶሃ ላይ በጤና ያቆይሽ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ቡራዩም ረግቷል፤ በረብሻው የተቋረጠው ኢንተርኔት ስላልተመለሰ በወረቀት ጻፍኩልሽ።

ግቢያችን ውስጥ ቤት የተከራየችውን የፋብሪካ ሠራተኛ፣ ተስፋነሽን፣ ኮሮና ይዟት ነበር። ሰፈሩ «በበሯ ያለፈ ሁሉ ይያዛል» ሲል አመንኩና ነጭ ሽንኩርት እያኘክሁ ሸሸኋት። አባትሽንም ከለከልኩት። እሱ ግን እየተደበቀ ምግብ በሯ ላይ ያስቀምጥላት ኖሯል።

ትናንት ድና ወጣች። «እትዬ ጠይባ፣ ለላኩልኝ ምግብ ጌታ ይባርክዎ» አለችኝ። አጠገቤ የቆመው አባትሽ አንገቱን ሲደፋ ነገሩ ገባኝ። መዋሸት አቃተኝ።

«የላከው እሱ ነው፤ እኔስ ፈርቼሽ ነበር» አልኳት።

«እኔም ራሴን ፈርቼ ነበር» ብላ አለቀሰች።

አላህ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ። ልጄ፣ ካመመሽ «እማ ትፈራለች» ብለሽ አትደብቂኝ።

እናትሽ ጠይባ