ጭራቃችን ይመለስልን

ይድረስ ለተከበሩ የኩላሊት እጥበት ክፍል ኃላፊ፣
ካሉበት።

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሁለቱ ኩላሊቶችዎስ እንዴት ናቸው? ባለፈው መጽሐፌን በብብትዎ ሸጉጠው ኮሪደሩን ሲያቋርጡ ካየሁት ፈጣን እርምጃዎ እንደተረዳሁት ሁለቱም ደህና ናቸው፤ ደህንነታቸው እንዲሰነብት ከልብ እመኛለሁ። እኔ ሰኞና ሐሙስ ከመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ የምታሰር፣ በሙያዬ ፀጉር ሠሪ የሆንኩ፣ እርስዎ «ያቺ ጮክ ብላ የምታነበው» የሚሉኝ ታካሚ ነኝ። ደብዳቤዬን በክፍሉ በር ላይ የለጠፍኩት ልዳፈርዎ ብዬ አይደለም፤ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንደሆኑ ደጋግማ ስለነገረችኝና ከስብሰባ ሲወጡ በዚህ በር ስለሚያልፉ ነው። ቅሬታዎቼን እንደ ሥርዓቱ በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መጽሐፉን የወሰዱበት አኳኋን። እንግዶችዎን ክፍሉን በሚያስጎበኙበት ዕለት፣ ግራ እጄ መርፌ ላይ ሆኖ፣ ደሜ ከእኔ ወጥቶ በማሽኑ ሲዞር ቆመው አይተው፣ መጽሐፉን ከቀኝ እጄ መንጠቅዎ እጅግ የታሰበበት ዘዴ ነበር፤ ተነስቼ ልከተልዎ ብል የደሜ እኩሌታ እዚያው ይቀር ነበርና። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እርስዎ ግን እኛን ንቀው እንዳልሆነ፣ እንግዶችዎን አፍረው እንደሆነ ተረድቻለሁ።

ሁለተኛ፣ ለመጽሐፉ የሰጡት ስም። «ከልጆች ጌም የተቀዳ ዝባዝንኬ» ብለውታል። ከቪዲዮ ጌም መቀዳቱ እውነት ነው፤ የእህቴ ልጅ ጌሙን ሲጫወት ከኋላው ቆሜ እያየሁ ነው በፍቅሩ የወደቅሁት። በከዋክብት መካከል ማዕድን የምትቆፍር መርከብ አለች፤ ሠራተኞቿ ሞተው፣ ሌላ ነገር ሆነው ተነስተዋል፤ በሕይወት የቀረችው አንዲት መካኒክ ብቻ ናት። መካኒኳ የምትተነፍሰው ከማሽን በተሳበ ቱቦ ስለሆነ ቱቦው ከሚደርስበት አልፋ መሄድ አትችልም። ይህን ሳነብ ከፊት ለፊቴ የሚቀመጡት ጡረተኛ መምህር፣ ይህቺ ልጅ የየትኛው ሆስፒታል ታካሚ ናት ብለው ጠየቁኝ። ከእሷ የምንለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእሷ ማሽን ሲጮህ ቢያንስ ጭራቅ ይመጣል። ለዚህ ሁሉ ወንበር ሁለት ነርስ ብቻ መድበው ሲያበቁ ልብ ወለድ ላይ መዝመትዎን ባየሁ ጊዜ፣ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን የሚለው ተረት ትዝ አለኝ፤ ተረቱን ያስታወሱኝ እርስዎ ስለሆኑ አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፣ ፍርሃት የታካሚን የደም ግፊት ያዛባል ብለው አስተምረውናል። ስለ ፍርሃት እኛን ሊያስተምሩ መነሳትዎ ድፍረት ነው፤ ድፍረትን ደግሞ አከብራለሁ። እኛ የላብራቶሪ ውጤት እንፈራለን። መብራት ብልጭ ድርግም ሲል እንፈራለን። ማሽኑ ላይ «ተበላሽቷል» የሚል ወረቀት ተለጥፎ ያገኘን ቀንማ አይነሳ። የመጽሐፉ ጭራቅ ግን መጽሐፉን ስንከድነው አብሮ ይከደናል፤ በገዛ እጃችን የምንከድነው ሌላ ፍርሃት የለንም። በምትኩ ስለ ቀና አስተሳሰብ የሚያወራ መጽሐፍ ስለላኩልን ምስጋናዬ የላቀ ነው። እንዳዘዙት ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፤ ሦስት ሰው እንቅልፍ ወሰደው፣ የመምህሩ እግር ጡንቻ ተሸማቀቀ።

አራተኛው ቅሬታዬ ቀልድ የለበትም።

ከቀኜ የሚቀመጡትን የከባድ መኪና ሹፌር ያውቋቸዋል፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። የእኔ የታሰረው ግራ እጄ፣ የእሳቸው ደግሞ ቀኝ እጃቸው ስለሆነ፣ እኔ መጽሐፉን እይዛለሁ፣ እሳቸው ገጹን ይገልጣሉ። አስፈሪ ቦታ ላይ ስንደርስ፣ ቆይ እስቲ፣ እያሉ ገጹን በጣታቸው ይዘው ያዘገዩኛል። ከመጽሐፉ በፊት እኚህ ሰው ከሁለት ቀጠሮ አንዱን ይቀሩ ነበር። ወንበር ላይ ታስሮ መኖር ኑሮ አይደለም ይሉ ነበር፤ ሚስታቸው ቢለምኗቸው፣ ሐኪሙ ቢቆጣቸው አልሰሙም። እጥበቱን የሚቀር ሰው ምን እንደሚሆን ለእርስዎ ማስረዳት ነውር ይሆንብኛል። መጽሐፉን ከጀመርን ወዲህ ግን አንድም ቀን አልቀሩም፤ የሚመጡትም ለኩላሊታቸው ብለው ሳይሆን መካኒኳ ምን እንደደረሰባት ለመስማት ነበር። እርስዎ መጽሐፉን የነጠቁኝ መካኒኳ በተዘጋ በር ፊት ቆማ፣ የሞተው ወንድሟ ድምፅ ከበሩ ወዲያ ክፈችልኝ እያለ ሲጠራት፣ እጇ እጀታው ላይ እንዳለ ነው። የእህቴ ልጅ ቀሪውን እንዳይነግረን ጌሙ እዚያው በሩ ላይ ያበቃል፤ ሌላ ቅጂ ፍለጋ የመጻሕፍት መደብሮችን ሁሉ ዞሬ አላገኘሁም።

በቀጣዩ ሐሙስ ጋሼ አልመጡም። ሰኞም አልመጡም። የዚያን ሰኞ ባዶውን ወንበር ሳይ ተናደድኩ፤ ፈራሁም። ያ ፍርሃት ከመጽሐፍ የመጣ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ምስጋናዬ ልለፍ። በዚያው ሰኞ በክፍላችን መሐል ቆመው ስለ ጎጂ ንባብ ንግግር አደረጉልን። ለአብነት ያህል ብለውም፣ መካኒኳ በመጨረሻ በሩን ከፍታ ያንን ነገር እንደ ወንድሟ አቅፋ ስታስገባው፣ ቱቦዋም በበሩ ተቆርጦ ሲቀር የሚያሳየውን ትዕይንት በቁጣ ተረኩልን። ክፍሉ ጸጥ ሲል ንግግርዎ ልባችንን የነካው መስሎዎት እንደሆነ ከፊትዎ አይቻለሁ። ክቡር ሆይ፣ እኛ እኮ እዚያ አልደረስንም ነበር። ዝባዝንኬውን እስከ መጨረሻው ገጽ አንብበው ጨርሰውታል ማለት ነው፤ ለትጋትዎ አድናቆቴ ይድረስዎ።

እርስዎ እንደወጡ ለጋሼ ደወልኩ። ኃላፊው መጨረሻውን ነገሩን፣ በሩን ትከፍተዋለች አልኳቸው።

«ውሸት ነው» አሉኝ። «እሷ በሩን አትከፍትም። ሐሙስ እመጣለሁ።»

መጡ። ያበጠ እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው ተቀመጡ፤ ቀኝ እጃቸውን ለመርፌ ሰጥተው፣ በግራ እጃቸው የወንበሩን ክንድ እየደበደቡ፣ እርስዎ ውሸታም እንደሆኑ ለመምህሩ ሲያስረዱ ዋሉ። ሚስት ለምነው፣ ሐኪም ተቆጥቶ ያልቻለውን የእርስዎ መጨረሻውን አስቀድሞ ማውጣት ስለቻለው፣ ይህኛው ምስጋናዬ ከአንጀቴ ነው።

ሆኖም ያለ መጽሐፍ የሚደረግ ክርክር ብዙ አያዘልቅም፤ ጋሼም እውነቱን በገዛ ጣታቸው ገልጠው ማየት ይፈልጋሉ። ስለዚህ መጽሐፉ እስከ ሰኞ ወንበሬ ላይ እንዲገኝልኝ በታላቅ ትሕትና አሳስባለሁ። ካልተገኘ ከልቤ እየፈጠርኩ እተርካለሁ። በእኔ ትረካ ከበሩ ወዲያ የቆመው ጭራቅ ክራቫት ያስራል፣ ከስብሰባም አይጠፋም። መጽሐፍ ሊነጥቁኝ ይችላሉ፤ አፌ ግን መርፌ ላይ አይደለም።

ኩላሊትዎ ሙሉ፣ ስብሰባዎ አጭር እንዲሆንልዎ እየተመኘሁ፣

ደሟ በማሽንዎ ዞሮ የሚመለስላት፣
ልቧ ግን ከመጽሐፏ ጋር ቢሮዎ የቀረባት፣
አክባሪዎ፣
የመስኮቱ በኩል ፀጉር ሠሪ

ከፈረምኩ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ መጽሐፉ ሁለተኛ ቅጽ አለው። ከዚያ በር በኋላ የሆነውን ሁሉ የያዘ ነው፤ ያለውም በእኔ ቦርሳ ውስጥ ነው። ጋሼ መንገድ ተዘሎ አይነዳም ስላሉ አንደኛው ሳያልቅ አልከፈትነውም። አንደኛውን የጨረሰ ሰው ግን ምን ያህል እንደሚጨንቀው ስለምገምት፣ ሰኞ መጽሐፌን ይዘው ከመጡ አብረውን እንዲሰሙ ተስማምተናል፤ ሳያቋርጡ። መቀመጫ ከቢሮዎ ይዘው ይምጡ። ከቀኜ ያለው ወንበር ባዶ መስሎ ቢታይዎት እንዳይቀመጡበት፤ ባለቤቱ መንገድ ላይ ናቸው።