የትሩፋት ቤጎኒያ

ይድረስ ለልጄ ለሊሴ፤ የሰው አገር አየር ይስማማሽ፣ ፈጣሪ ጥላ ከለላ ይሁንሽ። እዚህ ሀና ማርያም ሁላችንም ደህና ነን፤ እኔን ብቻ ቅናት አክስቶኛል።

ስትሄጂ ለእኔና ለጎረቤታችን ለትሩፋት ካካፈልሽን ቤጎኒያ የእሷው በአበባ ተሸፍኗል፤ የእኔው አርሯል። የገበሬ ልጅ አይደለሁ፣ እንደ ጤፍ ፀሐይ መሀል ተከልኩታ! ትሩፋት ባጥር አሻግራ አየችና፣ "ጋሽ ዱጉማ፣ የሚያሰጡት አበባ ነው በርበሬ?" አለችኝ።

አፍሬ አቮካዶው ጥላ ሥር አዛወርኩት፤ ትናንት አንድ እምቡጥ አወጣ። እሷ ግን ለአበባዋ ፎቶ የላክሽላትን ሦስት ቀይ ልብ ለሰፈሩ ሁሉ እያሳየች ነው።

ዕድሜሽ ይለምልም። አንድ ነገር ልለምንሽ፤ የእኔ እስኪያብብ ድረስ ፎቶዋን ዝም ብለሽ እዪላት። ያሳደግኩሽ እኔ ነኝ እኮ።

አጎትሽ ዱጉማ