ሙሉ ታንክ የማይወዱት የሹፌሩ የአቶ አምባው ገብረማርያም የሕይወት ታሪክ

ታንኩ ሙሉ ቢሆን ኖሮ አቶ አምባው ገብረማርያም ይተርፉ ነበር ወይ? ይህን የምትጽፈው ባለቤታቸው የትናየት ከትናንት ጀምራ ራሷን ትጠይቃለች፤ መልሱን የሚያውቅ ፈጣሪ ብቻ ነው። እሷ የምታውቀውን ትጽፋለች።

አቶ አምባው ከአባታቸው ከአቶ ገብረማርያም ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ አሰበች ውቤ በጭልጋ፣ አይከል አጠገብ፣ በ1947 ዓ.ም. ተወለዱ። እስከ አራተኛ ክፍል ተምረው በአሥራ ስድስት ዓመታቸው ሰሊጥ ሊያጭዱ ወደ ቆላ ወረዱ፤ በዚያው ቀሩ። አብደራፊ ትራክተር ነድተዋል። በ1970 ዓ.ም. የትናየትን አግብተው ኮኪት ጎጆ ቀለሱ፤ አንድ ወንድና ሁለት ሴቶች ልጆች አፈሩ። ወንዱ ልጃቸው ቢሆነኝ በወባ ሲሞትባቸው፣ የእሱን ልጅ ለይኩንን እንደ ልጅ አሳደጉ፤ መንዳትም አስተማሩት።

በ1994 ዓ.ም. አይሱዙ ገዙ። ናፍጣ በሚጠፋበት አገር ቆጣቢ ሰው ነበሩ። ከግማሽ ታንክ በላይ አይቀዱም፤ ናፍጣው ራሱ ክብደት ነው፣ ክብደት ደግሞ ናፍጣ ይበላል ይሉ ነበር። ሲጭኑም ሞተር አያጠፉም፤ ማስነሳቱ የበለጠ ይጠጣል ባይ ናቸው። መካኒኩ ሽኩር፣ «ጋሼ አምባው፣ ሃምሳ ኩንታል ሰሊጥ ያልከበደው መኪና ግማሽ ኩንታል የማትሞላ ናፍጣ ትከብደዋለች? ቆሞ የሚጮኸው ሞተርስ ውሃ ነው የሚጠጣ?» ሲላቸው፣ «አንተ መፍቻህን ያዝ፣ መንገዱን ለእኔ ተው» ብለው ይስቁ ነበር። ሲስቁ ደስ ይሉ ነበር።

ኅዳር 8 ቀን 2017 ዓ.ም. ጧት ከገለጉ ሰሊጥ ሊያመጡ ሲነሱ ለይኩን፣ «አባባ፣ መንገዱ ሩቅ ነው፤ ዛሬስ እንሙላት» አላቸው።

«ናፍጣ ልንጭን ነው ሰሊጥ?» አሉት።

የትናየት በር ላይ ቆማ በጆሮዋ ሰምታለች። ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ «ልጁ ሳይሞላ ሄዶ» የምትሉ ይህን ስሙ። ውሃ ያዙ፣ ጋቢ ያዙ፣ ቀስ ብላችሁ ንዱ እያለች ስትነዘንዝ ስለ ናፍጣው አንድ ቃል ያልተነፈሰችውም እሷው ናት።

ገለጉ ከእርሻ እርሻ እየዞሩ ሲጭኑ ሞተሩ አልጠፋም። በማግስቱ ረፋድ ላይ አቶ አምባውን ደረታቸውን ወጋቸው። ለይኩን ጭነቱን ሳያራግፍ ወደ ሆስፒታል ገሰገሰ፤ ጫካ መሀል ናፍጣው አለቀ። ጀሪካን ይዞ ስድስት ኪሎ ሜትር ሮጦ ከአንድ እርሻ ለምኖ ቀዳ። ተመልሶ ታንኩ ውስጥ ገልብጦ፣ ከናፍጣ ቱቦው አየሩን አስወጥቶ ሞተሩን ሲያስነሳ፣ አያቱ ጋቢናው ውስጥ አርፈው ነበር። ሰባ ዓመታቸው ነበር።

ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጆቻቸውን ዝናሽንና አይናዲስን፣ ለይኩንንና ሌሎች አምስት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። እንደ ቃላቸው የሚያርፉት ጭልጋ ነው፤ ዳገቱን የሚያወጣቸውም ያው መኪናቸው ነው። ስንቱን መንገደኛ ከቤቱ ያደረሱትን ሰው ፈጣሪ እሳቸውንም ድካም ከሌለበት ቤት ያድርሳቸው።

ይህ ጽሑፍ ዛሬ ጧት ለለይኩን ተነበበለት። እስከ መጨረሻው ቆሞ ሰማ። ከዚያ በሩ ሥር የነበረችውን ባዶ ጀሪካን አንስቶ፣ ታንኩን ሊሞላ ከቤት ወጣ።