የአቶ ካሳው እንዳለው የሕይወት ታሪክ፤ በሰው ፊት ሳይናገሩት የቆየው ቃል

አቶ ካሳው እንዳለው ከአባታቸው ከአቶ እንዳለው ተሰማ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ሐዳስ ገብሩ በመስከረም ወር 1943 ዓ.ም.፣ ማሽላው ሰው በሚሰውርበት ወቅት፣ ከጎብዬ በስተምሥራቅ ባለች የቆላ መንደር ተወለዱ። ከእርሳቸው በፊት ሁለት፣ ከእርሳቸው በኋላ ደግሞ አንድ ሕፃን እዚያው ቤት ተወልደው፣ ሳምንት ሳይሞላቸው መንጋጋቸው እየተቆለፈ ሞተዋል። ካሳው የሚለውን ስም ያወጡላቸው እናታቸው ናቸው፤ ለቀደሙት ሁለቱ ካሳ ይሁነኝ ብለው።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ቆቦ ከአክስታቸው ቤት ተቀምጠው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተማሩ። በ1962 ዓ.ም. ለድሬሰርነት፣ ማለትም ለረዳት ሐኪምነት፣ ሥልጠና ተመርጠው ሄዱ፤ ሁለት ዓመት ሠልጥነው ሲመለሱም ከቆቦ ወደ ዋጃ በሚወስደው አውራ ጎዳና ዳር፣ ባለሁለት ክፍል በሆነች ትንሽ ክሊኒክ ተመደቡ። በመጀመሪያ ደመወዛቸው የእጅ ሰዓት ገዙ። በመንደሩ ሌላ ሰዓት ያለው ሰው ስላልነበረ ሰዉ "ባለሰዓቱ" አላቸው፤ ስሙም እስከ ዛሬ አልለቀቃቸውም።

በዚያ ዘመን የሕፃን እትብት በተገኘው ስለት ይቆረጥ ነበር፤ ቁስሉ ላይም ቅቤና እበት ይደረግበታል። አቶ ካሳው የእናታቸውን ቤት ሐዘን ስለሚያውቁ በመጀመሪያ የተነሡት በዚህ ላይ ነው። የመንደሩን አዋላጅ እማማ ሳሊሀን ለመኑ፣ ተቆጡ፣ መልሰው ለመኑ፤ በመጨረሻም የተቀቀለ ምላጭ አስያዟቸው። የሕፃናት መንጋጋ መቆለፉ ቀረ። ሕዝቡም በዚህ አመናቸው። በእትብቱ ነገር ልክ ስለነበሩ በሌላውም ነገር ሁሉ ልክ ናቸው ተባለ። እርሳቸው ራሳቸውም እንደዚያ መሰላቸው።

በ1966 ዓ.ም. ከወ/ሮ ደመቀች አባተ ጋር በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን ተጋብተው ሦስት ልጆች አፈሩ።

አቶ ካሳው ከሥልጠና ይዘውት የመጡት ደብተር ነበራቸው። በውስጡ በቀይ የተሰመረበት ትምህርት "ሕፃን በሰዓት ይጥባ፤ ባለቀሰ ቁጥር ጡት የሚሰጠው ልጅ ሆዱ ይበላሻል፣ ጠባዩም ይከፋል፤ ሌሊት ሆዱ ይረፍ" ይላል። የመንደሩ እናቶች ሰዓት ስላልነበራቸው ዘዴ አበጁላቸው። የመጀመሪያው ጡት ከብት ሲሰማራ፤ ሁለተኛው ከወልዲያ አላማጣ የምትመላለሰው አውቶቡስ አራት ሰዓት ላይ ስትወጣ፤ ሦስተኛው ያችው አውቶቡስ ስምንት ሰዓት ላይ ስትመለስ፤ አራተኛው ከብት ሲገባ፤ የመጨረሻው ለመኝታ። ከዚያ እስኪነጋ ጡት የለም።

እማማ ሳሊሀ "ካሳው፣ ጥጃውስ የትኛዋን አውቶቡስ ይጠብቅ?" እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። አቶ ካሳው ግን የበኩር ልጃቸውን ፍቅሩን ብድግ አድርገው፣ "ይህን ጭን እዩልኝ፤ በሰዓት ያደገ ነው" ይሉ ነበር። ሴቶቹም የፍቅሩን ጭን እያዩ አመኑ።

ከሁሉ ይልቅ ያመኗቸው ወ/ሮ አሲያ ኡበይድ ናቸው። ወ/ሮ አሲያ የክሊኒኩ ጎረቤት ነበሩ፤ በ1973 ዓ.ም. በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው የመጀመሪያ ልጃቸውን ፈሪድን ወለዱ። ልጁ ሦስት ወር ሲሆነው፣ በሰኔው ሙቀት፣ አውቶቡሷ ጎብዬ ላይ ተበላሽታ ቆመች። አቶ ካሳውም ከወልዲያ መድኃኒት ይዘው ሲመለሱ በዚያችው አውቶቡስ ውስጥ ስለነበሩ፣ ሾፌሩ እስኪጠግናት ጥላ ሥር ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር። በመንደሩ ወ/ሮ አሲያ የሚያለቅስ ልጃቸውን ታቅፈው ከመንገዱ ዳር ቆመው ይጠብቃሉ። ጡታቸው ሞልቶ ቀሚሳቸውን አርሶታል። እማማ ሳሊሀ "አጥቢው አንቺ፣ ልጅ አይደለም ወይ?" ቢሏቸው፣ "አውቶቡሷ አልመጣችም" ብለው እንቢ አሉ።

አውቶቡሷ የደረሰችው ለአሥራ አንድ ሰዓት ጥቂት ሲቀር ነው። አቶ ካሳው ሲወርዱ ወ/ሮ አሲያ ግራሩ ሥር ቁጭ ብለው ልጃቸውን ወደ ጡታቸው ሲያስጠጉ አዩ። ሕፃኑ ከልቅሶ ብዛት ድምፁ ተዘግቷል። አቶ ካሳውም የተሰበሰቡትን ሴቶች ዘወር ብለው አይተው፣ "እናት ማለት እንዲህ ናት" አሉ። በሕይወታቸው ውስጥ ሲያስቡት አንገታቸውን ከሚያስደፏቸው ሁለት ቃሎቻቸው አንደኛው ይህ ነው።

ሁለተኛውን የተናገሩት ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሕፃኑ ፈሪድ እየከሳ ሄዶ፣ ትኩሳት ይዞት በአምስት ወሩ ሞተ። የሞቱን ምክንያት በእርግጥ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ አቶ ካሳውም አላወቁም። ለቅሶ ሊደርሱ ሲገቡ ወ/ሮ አሲያ፣ "ጋሽ ካሳው፣ ምን አጠፋሁ?" ብለው ጠየቋቸው። አቶ ካሳው አላውቅም ማለት ከበዳቸው። ቤት ሙሉ ሴት እየሰማ፣ "በሰዓቱ ነበር ወይ የምታጠቢው? እውነቱን ተናገሪ" አሏቸው። ወ/ሮ አሲያ አቀርቅረው ዝም አሉ። አቶ ካሳው ዝምታውን ከሐዘን ቆጠሩት። መንደሩ ግን ሌላ ነገር ቆጠረበት፤ አሲያ ልጇን በሥርዓቱ አልያዘችውም እየተባለ ተወራ።

ወ/ሮ አሲያ በ1976 ዓ.ም. ሴት ልጅ ወለዱ፤ ስሟንም ኢኽላስ አሏት። እርሷን አንዲት ጊዜ እንኳ ሳያዛንፉ በሰዓቱ አጠቧት። ኢኽላስ አደገች። ከጥቂት ዓመታት በኋላም ወ/ሮ አሲያ ከባለቤታቸው ጋር ዋጃ ገብተው በንግድ ሥራ ይተዳደሩ ጀመር።

በ1989 ዓ.ም. አቶ ካሳው ለተሐድሶ ሥልጠና ተጠሩ። አሠልጣኟ በዕድሜ ልጃቸው የምትሆን ነርስ ነበረች። እንዲህ አለች፦ "ሕፃን በፈለገው ጊዜ ይጥባ፤ ቀንም ሌሊትም። ሰዓት እየጠበቁ ማጥባት ወተቱን ያደርቃል፤ ልጁን ያከሳል።" አቶ ካሳው ጻፉት። "ያከሳል" የሚለው ቃል ላይ ሲደርሱ ብዕራቸው ቆመ፤ ከዚያ በኋላ ያለው የደብተራቸው ገጽ ባዶ ነው።

ሲመለሱ አዲሱን ትምህርት ማስተማር ጀመሩ። አሮጌውን ያስተማሩት ግን እርሳቸው መሆናቸውን ለማንም አላነሡም። በጣም ያረጁት እማማ ሳሊሀ "ካሳው፣ አውቶቡሷ ቆመች እንዴ?" ሲሏቸው፣ "አዲስ መመሪያ መጥቶ ነው እማማ" ብለው አለፉ። ከመንደሩ ዋጃ ቅርብ ነው። ቢሆንም አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የወ/ሮ አሲያን ደጅ አልረገጡም። አንድ የገበያ ቀን ከሽንኩርት ተራ አይተዋቸው ፊታቸውን አዙረው ሄደዋል።

በ1998 ዓ.ም. ጡረታ ወጥተው ቆቦ ተቀመጡ። በ2000 ዓ.ም. ወ/ሮ አሲያ፣ ኢኽላስን ከሃያ ቀን ልጇ ጋር ይዘው ቤታቸው መጡ። እናትና ልጅ ተጣልተው ኖሯል። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ኢኽላስን ልጁ በፈለገ ጊዜ አጥቢ ብላታለች፤ እናቷ ደግሞ አይሆንም ብለዋል። ለመዳኘት የመጡት ወደ ባለሰዓቱ ነው።

"እኔ ብነግራት አልሰማ አለች፤ እርስዎ ይንገሯት" አሉ ወ/ሮ አሲያ።

"ጋሽ ካሳው፣ እማዬ መኪና ጠብቂ ትለኛለች" አለች ኢኽላስ። "ዛሬ ሚኒባሱ አንዱ ሲሄድ አንዱ ይመጣል፤ በየትኛው ላጥባ?"

ወ/ሮ ደመቀች ሳቁ። አቶ ካሳው አልሳቁም። "አጥቢው ልጄ፤ ሲፈልግ ሁሉ አጥቢው" አሉ።

"ከመቼ ወዲህ?" አሉ ወ/ሮ አሲያ።

"ድሮም እንዲሁ ነው። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ።"

ወ/ሮ አሲያ እንዲህ አሉ፦ "ፈሪድን እኮ ሌሊት ሌሊት ከእርስዎ ሰርቄ አጠባው ነበር። አንጀቴ አልችል ብሎ። ያቺ የሰረቅኋት ጡት ናት የገደለችው ስል ሃያ ሰባት ዓመቴ። ኢኽላስ በሰዓት ጠብታ ስታድግማ፣ ይኸው አልኩ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው።" ቀና ብለውም፣ "መሳሳትዎን ያወቁት መቼ ነው?" ሲሉ ጠየቁ።

"በሰማንያ ዘጠኝ።"

"ዋጃ ሩቅ ነው እንዴ፣ ጋሽ ካሳው?"

አቶ ካሳው ይቅርታ ሲጠይቁ ወ/ሮ አሲያ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። "የጠየቁኝ በሰው ፊት ነው፤ የሚነግሩኝም በሰው ፊት ይሁን" ብለው ወጡ።

እንግዶቹ እንደሄዱ ወ/ሮ ደመቀች ሌላ ነገር ነገሯቸው። ፍቅሩንም ሆነ ታናናሾቹን በሰዓት አጥብተው አያውቁም። አቶ ካሳው ወደ ክሊኒክ በወጡ ቁጥር፣ ልጁ ባለቀሰ ቁጥር ያጠቡ ነበር። አቶ ካሳው "ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?" ሲሉ፣ "ባለሰዓቱን ማን ይናገረዋል?" አሏቸው። ወ/ሮ ደመቀችም ለአሲያ ያን ጊዜ ሹክ ባለማለታቸው እስከ ዛሬ ያፍራሉ፤ ይህም ይጻፍ ያሉት ራሳቸው ናቸው።

አቶ ካሳው ቃሉን በሰው ፊት ለመናገር ሞክረዋል። በ2004 ዓ.ም. በእድር ስብሰባ ላይ "የምናገረው አለኝ" ብለው ተነሡ፤ ሰዉ ዝም ብሎ ሲጠብቃቸው ስለ ድንኳኑ ቀዳዳ ተናግረው ተቀመጡ። በሌላ ጊዜም በልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይ ተነሥተው፣ መርቀው ተቀምጠዋል። በድርቁም በጦርነቱም ዘመን በሽተኛ ትተው ያልሸሹ ሰው፣ ለዚህች አንዲት ቃል ጉልበት አጡ።

በ2016 ዓ.ም. የስኳር ሕመማቸው ጸንቶ አልጋ ላይ ዋሉ። ወ/ሮ አሲያ ከዋጃ ድረስ መጥተው ጠየቋቸው። ከአልጋው ራስጌ ተቀምጠው፣ "ጋሽ ካሳው፣ አውቶቡሷ አሁንም ጎብዬ ላይ ናት?" አሉ። አቶ ካሳው ፈገግ ለማለት ሞክረው አለቀሱ። በማግስቱ የልጅ ልጃቸውን ደጀን ፍቅሩን ጠርተው፣ በቁሜ ያልሆነልኝን ስቀበር አንብቡልኝ ብለው ይህን ሁሉ አስጻፉት። በሕክምና ሲረዱ ቆይተው መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በሰባ አራት ዓመታቸው ዐረፉ።

ቤተሰቡ ይህን ወረቀት ከማሳተሙ በፊት ብዙ ተከራክሯል። እንተወው ያለም ነበር። ዝም ማለትን ከእርሳቸው ተምረን እንዳንቀር ግን ቃላቸውን ሳንቀንስ እነሆ፦

"አሲያ አላጠፋችም። ልጇን ሌሊት ተነሥታ ማጥባቷ ልክ ነበር። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ ካወቅሁ በኋላ የደበቅሁትም እኔ ነኝ። ያን ቀን በለቅሶው ቤት የጠየቅኋትን የሰማችሁ፣ ይህንንም ስሙ። የእኔን ጥያቄ ይዛችሁ ያማችኋት ካላችሁ፣ ሄዳችሁ ጉልበቷን ሳሙልኝ።"

አቶ ካሳው እንዳለው ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የሰባት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ሁሉም ሰዓት ሳይጠበቅላቸው ጠብተው ያደጉ ናቸው። ወ/ሮ አሲያ ኡበይድ ይህ ሲነበብ ከሴቶቹ መካከል እንደሚሆኑ ልከውብናል። ይቅር ማለት የእርሳቸው ፈንታ ስለሆነ በስማቸው ምንም አንጽፍም።

እግዚአብሔር የአቶ ካሳውን ነፍስ፣ የሚያለቅሰውን ሰዓት ሳይጠብቅ በሚሰማበት ምሕረቱ ይቀበልልን። ሕፃን ፈሪድንም ያስብልን።