ቴሌቪዥኑን በስምህ ጠራነው

ለወንድምዓለም ለዶሺክ፤

ከዚያ ሁሉ ባሕር ማዶ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለው ወይስ መረብ ስትጎትት አሁንም ያምሃል? ምግቡስ፣ እንቅልፉስ ይስማማሃል? እኔም ባለቤቴም ልጆቹም ደህና ነን። እማዬም ደህና ናት፤ ግን ስለ እሷ የምነግርህ ነገር አለ። በስልክ ልነግርህ ብሞክር አፌ እምቢ አለኝ። መርከባችሁ ላስ ፓልማስ ወደብ ስትደርስ ይህ ደብዳቤ እንደሚጠብቅህ ተስፋ አደርጋለሁ።

በጸደይ የሆነውን ታስታውሳለህ። እማዬ የዓሣ መረቅ ጥዳ ጎረቤት ወሬ ይዟት ቀረና ድስቱ አርሮ የወጥ ቤቱ ግድግዳ ጠቆረ። አንተም ደንግጠህ "እንዲህ ከሆነማ መጦሪያ ትግባ" አልክ። እሷ ደግሞ "ከዚህ ቤት ሬሳዬ ይውጣ እንጂ በእግሬ አልወጣም" አለች። በሁለታችሁ መካከል ሆኜ እስከ መኸሩ በዓል፣ እስከ ቹሶክ ጊዜ ስጠኝ ብዬ ለመንኩህ። ያሰብኩት ይህን ነበር፤ እኔ እዚህ ፖሃንግ፣ እሷ እዚያ ዮንግዶክ ስለምንኖር፣ ቤቱ ራሱ እንዲጠብቃት። የጋዙ መዝጊያ፣ መብራቱ፣ የወለሉ ማሞቂያና የውጭው በር ለቴሌቪዥኑ የሚታዘዙ ይሆናሉ፤ ቴሌቪዥኑ ደግሞ ለእሷ። ስልክ ነክታ ዕቃ ማዘዝ አታውቅበትም፤ ቴሌቪዥን ግን እንደምታውቀው ከነጋ እስኪመሽ አይጠፋም።

መደብር ይዣት ሄድኩ። ሻጭዋ ትልቁን እያሳየች "ሥዕሉን ይዩልኝ እማማ፣ የሸርጣኑ ፀጉር እንኳ ይቆጠራል" አለቻት። እማዬም "ሸርጣን ማየት ካማረኝ ወደቡ ቅርቤ ነው። ጋዝ መዝጋት ይችላል ወይ?" አለች። ለካ ያ ግድግዳ የሚያህል ቴሌቪዥን ከእኛ የጋዝ መዝጊያ ጋር አይግባባም፤ ፋብሪካቸው ለየቅል ነው። "ታዲያ እሳት ሲነሳ ቁጭ ብሎ ሊያየኝ ነው?" ብላ ሰዉን ሁሉ አሳቀችው። በመጨረሻ አንድ አነስ ያለ፣ ከሁሉም ዕቃ ጋር የሚስማማ አገኘን።

እሱ ደግሞ በስሙ ካልተጠራ አይሰማም። ፋብሪካው የሰጠው የፈረንጅ ስም ለእማዬ አፍ አልሆነም። ሻጭዋ "የፈለጉትን ስም ያውጡለት፣ አፍዎ የለመደውን" ስትላት፣ እማዬ ሳታስብ "ዶሺክዬ!" አለች። መቼም ታውቃለህ፣ እኔንም ባለቤቴንም ስትጠራ መጀመሪያ አፏ ላይ የሚመጣው የአንተ ስም ነው። መንደሩም ቢሆን ከተወለድክ ጀምሮ "የዶሺክ እናት" እንጂ በስሟ ጠርቷት አያውቅም። ስቄ እሺ አልኩ። ምን ክፉ ነገር ይኖረዋል ብዬ!

ቴሌቪዥኑ ያለ እንከን ይሠራል። "ዶሺክዬ፣ ጋዙን ዝጋልኝ" ስትለው በጎልማሳ ድምፅ "አቤት፣ ዘግቻለሁ" ይላታል። ከዚያ ወዲህ ድስት አላረረም። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንቅልፍ አጣሁ።

ባለፈው እሑድ ስትደውል እኔም እዚያው ነበርኩ። ስልኩን አንስታ "ዶሺክዬ!" ከማለቷ ቴሌቪዥኑ ቀድሞህ "አቤት!" አለ። አንተ ከዚያ ማዶ ሳቅህን ለቀቅከው። ፊቷን ግን አላየህም። ስልኩን ወለሉ ላይ አኑራ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረችና "ልጄ፣ እግሬን በረደኝ፣ ወለሉን አሙቅልኝ" አለችው። "እማዬ፣ እማዬ" የሚለው ድምፅህ ከወለሉ ይሰማኛል፤ እሷ ግን እግሯን ዘርግታ መሞቅ ጀምራለች። አንስቼ መስመሩ አስቸገረ ያልኩህ ውሸቴን ነው።

ድሮ ገና በሩን ስከፍት "መርከቡ መቼ ይገባል?" ትለኝ ነበር። አሁን አትጠይቀኝም። ስሙን ልለውጠው ብዬ ስንቴ አስቤ ፈራሁ። ድስቱ እያረረ ዶሺክዬ ብላ ጮኻ ዝም ካላት ማን ይደርስላታል? ብተወው ደግሞ አንተ እንደ ወጣህ መቅረትህ ነው። ወንድሜ፣ ጨንቆኛል። ለቹሶክ ና። ሳትደውል ግባ። ስምህን ስትጠራም ከእሱ ቀድመህ አቤት በላት።

ባለቤቴ ናፍቆቱን ይልካል። ትልቋ ልጄ "አጎቴ አመጣልሻለሁ ያለኝን ስጦታ አይርሳ" ብላለች፤ ትንሹም ጉንጭህን ይስማል። እዚያ ላሉት የመርከብ ጓደኞችህ ሁሉ፣ በተለይ ለወጥ ሠሪው ለቦንግሱ፣ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ከእማዬ ግን የምልክልህ ሰላምታ የለኝም። ለዶሺክ ልጽፍ ነው፣ ምን ልበልልሽ ብላት፣ ገርሟት አየችኝና "እዚሁ ተቀምጦ ምን ደብዳቤ ያስፈልገዋል?" አለችኝ።

እህትህ ሚራን
ፖሃንግ፣ ኦገስት 22 ቀን