ሞላዋ የሌለችበት ንድፍ

መካኒሳ፣ ማክሰኞ ጥቅምት 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

በእጅ ለሚዞረው የጤፍ ማበጠሪያዬ የፈጠራ ምስክር ወረቀት እንዲሰጠኝ የቀበሌ የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ ተብዬ ዛሬ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ደብዳቤውን በታይፕ አስመትቶ ጠበቀኝ። «የፈጠራው ባለቤት» በሚለው ቦታ የሰፈረው የብረታ ብረት ማኅበራችን ስም ነው።

«ጓድ፣ ሁለት ክረምት ጓሮዬ ውስጥ የለፋሁት እኮ እኔ ነኝ!» አልኩት።

«በዚህ ዘመን እኔ የሚባል ነገር የለም። ንድፉን አምጣ፣ ማኅተም ላሳርፍበት» አለኝ።

አውጥቼ ሰጠሁት። ወንፊቱን የምታንቀጠቅጠውን ሞላ ግን ንድፉ ላይ አልሣልኳትም፤ ነገሩ ቀድሞ ሸቶኝ ነበር። ማኅተሙን ግጥም አድርጎ መታበት። እስቲ ይሥሩት! እጀታው ይዞራል፣ ወንፊቱ ንቅንቅ አይልም። ያኔ ፈጠራው የማን እንደሆነ ራሳቸው በሬን አንኳኩተው ይነግሩኛል።