በእርስዎ ስም ስለተገዛችው አንድ ጫማ መሬት

ይድረስ ለውድ አባቴ ለአቶ ጋሻው ወልደየስ፤
ዝግባ በር።

አባባ፣ እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ዓይንዎን የሚጋርድዎት ያ ጭጋግ አሁንም አለ ወይስ ብዙነህ ያመጣልዎት ጠብታ ትንሽ ረዳዎት? የእትዬ እህተማርያም ሳል ለቀቃቸው? ደግፌስ፣ መሠረትስ፣ ትንሿ ዝማሬስ እንዴት ናቸው? ደጁ፣ ከብቱ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሰላም ነው? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልጎደለብኝም፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። የዘንድሮው ብርድ ክፉ ነበር፤ አሁን ግን አልፎ ከቤቴ ፊት ለፊት ያለው ዛፍ አብቧል። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ አበባው ትከሻዬ ላይ ይረግፋል፣ እኔም ሳላራግፈው አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

መሠረት፣ ደብዳቤውን የምታነቢላቸው አንቺ መሆንሽን ስለማውቅ ከዚህ በኋላ ያለውን ቀስ እያልሽ አንብቢላቸው። እትዬ እህተማርያምም ካሉ ይስሙ።

አባባ፣ ብዙነህ ለፋሲካ አገር ቤት ገብቶ እናንተን አይቶ ተመለሰ። እሁድ ከቅዳሴ ስንወጣ ወደ ጥግ ጠራኝና፣ «አባትሽ አንድ ነገር ብቻ ጠይቅልኝ ብለውኛል» አለኝ። «ልጄ እዚያ አገር መሬት ከገዛች፣ ቀብሯም እዚያው ሊሆን ነው ወይ?» ብለዋል አሉ። እሱ እየሳቀ ነበር የነገረኝ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። አውቶቡሱ ፎቅ ላይ ወጥቼ ከፊተኛው ወንበር ተቀምጬ ሰፈሬ አርችዌይ እስክደርስ አለቀስኩ። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ ላጫውትዎ።

ባተርሲ በሚባለው ሰፈር ሚስ ፍሎራ የሚባሉ አሮጊት አሉ። ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ትውልዳቸው ስኮትላንድ ነው። እግራቸው እምቢ ስላላቸው ከቤት አይወጡም። እኔ በየጠዋቱ ሄጄ አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ ቁርሳቸውን አቀርብላቸዋለሁ፤ እንጀራዬ ይኸው ነው። እዚህ ሰው ስለ አገሬ ሲጠይቀኝ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ረሀብ ነው። እሳቸው ግን ገና በተዋወቅን ሰሞን፣ «ልጅ ሳለሽ ጠዋት በሩን ስትከፍቺ ምን ይታይሽ ነበር?» አሉኝ።

ምን ልበላቸው? ዱሩን ነገርኳቸው። ከቤታችን ጀርባ ሽቅብ የሚወጣውን፣ ግንዱ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማይዞረውን ዝግባ፣ ወይራውን፣ ጽዱን፣ ጎህ ሲቀድ የሚንጫጫውን ጉሬዛ። እርስዎ ጭቃ ሹም በነበሩበት ዘመን ከዚያ ዱር አንድ ቅርንጫፍ ያለፈቃድዎ እንደማይቆረጥ፣ ማለዳ ማለዳ እየዞሩ ዛፉን ሁሉ በበትርዎ መታ መታ ሲያደርጉ ሰው ሰላም የሚሉ ይመስል እንደነበር፣ እኔም ከኋላዎ እየተከተልኩ በመዳፌ መታ መታ አደርግ እንደነበር። ጉሙ ወርዶ እርስዎ ሲሰወሩብኝ የበትርዎን ድምፅ እየሰማሁ ነበር የምከተልዎ። ይኸንን ለሰው ተናግሬ አላውቅም ነበር፤ በእንግሊዝኛ ስናገረው ደግሞ የሌላ ሰው ታሪክ የማወራ መሰለኝ።

ቀጥዬም የመንደር ምሥረታውን ዓመት ነገርኳቸው። ለአዲሱ መንደር ምሰሶ ያስፈልጋል ተብሎ መጥረቢያው ከጠዋት እስከ ማታ ሲያስተጋባ፣ እርስዎ ዱካዎን ይዘው ወጥተው ጀርባዎን ለተራራው ሰጥተው እንደተቀመጡ። በዚያው ሰሞን ነው እኔም ከአገር የወጣሁት። መኪናው ሲታጠፍ ዞሬ ሳይ የታየኝ ጉቶ ብቻ ነበር።

ሚስ ፍሎራም፣ «እኔ የተወለድኩበትም ኮረብታ ድሮ ጥቅጥቅ ያለ ዱር ነበር ይባላል፤ እኔ ግን የማውቀው ራቁቱን ነው» አሉኝ። ለካ አሁን አንድ ማኅበር ያንን ኮረብታ እየገዛ ዛፉን ሊመልስ ተነስቷል። ገንዘብ የሚያሰባስበው እንዴት መሰለዎት? መሬቱን አንድ ጫማ በአንድ ጫማ እየቆራረሰ ለሰው በስጦታ መልክ ይሸጣል። አይታረስ፣ አይታጠር፣ ቤት አይሠራበት፤ ለማስታወሻ ብቻ ነው። የገዛ ሰው ያጌጠ ወረቀት ይሰጠዋል፣ «ሌርድ» የሚል ማዕረግም አለው፤ የመሬት ጌታ እንደማለት ነው። ማዕረጉ ጨዋታ ነው፣ ችግኙ ግን የእውነት ነው።

እናም ለፈረንጆቹ ገና፣ «አንድ ገዝቼልሻለሁ፤ በማን ስም ይጻፍ?» ቢሉኝ ሳላስብ «በአባቴ» አልኩ። ስለዚህ አባባ፣ ከታኅሣሥ ጀምሮ የስኮትላንድ ጌታ ነዎት! ወረቀቱ ላይ «ሌርድ ጋሻው ወልደየስ» ተብሎ በወርቅማ ቀለም ተጽፏል። ሚስ ፍሎራ በአገርሽ ቋንቋ ምን ይባላል ቢሉኝ፣ «ጭቃ ሹም» ብዬ ፈታሁላቸው። እንባቸው እስኪወርድ ሳቁና፣ «ከእኛው ይልቅ የእናንተው እውነተኛ ነው» አሉ።

ጥፋቱ ወረቀቱን ይዤ ቤተ ክርስቲያን መሄዴ ነው። አልታየሽን ያውቋታል፣ ከእኔ ጋር የስደተኞች ካምፕ የነበረችው የደብረ ሲናዋ ልጅ። ለእሷ ባሳያት እልል አለችና «እሜቴ ሮማንወርቅ!» ብላ እጅ ነሳችኝ። ወሬው በየሳምንቱ እየፋፋ ሄዶ መሬቱ አንድ ጋሻ ሆነ። ተክለአብ የሚባል የተከበረ ሰው እንኳ ለብቻዬ ጠርቶ፣ «ለመሆኑ ለከብት የሚሆን ሣር አለው?» አለኝ። ብዙነህ ወደ እናንተ ይዞት የመጣው ይኸን የፋፋውን ነው።

አሁን ደግሞ መሬትዎን እንዳየሁ ልንገርዎ። በመጋቢት ማኅበሩ መሬት የገዙትን ሰዎች ለተከላ ጠራ። ሚስ ፍሎራ መሄድ ስለማይችሉ «እኔን ወክለሽ ሂጂ» ብለው ላኩኝ። አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም አይብ በዳቦ ሲበላ እኔ በሁዳዴ ጾም ቆሎዬን አወጣሁ፤ ቢቀምሱት ጣማቸውና ጨረሱብኝ። ኮረብታው ላይ ስንደርስ አባባ፣ ንፋሱ የጣርማ በር ንፋስ ነው። መሬቱን የሸፈነው ቁጥቋጦ ደግሞ ቁመቱ ከጉልበት አያልፍም እንጂ የእኛን አስታ ቁርጥ ነው፤ ቅጠሉን አሽቼ አሸተትኩት።

አንድ ሰውዬ በገመድ እየለካ ትንንሽ ባንዲራ ተከለልን። እኔ በእርስዎ መሬት ላይ ስቆም አጠገቤ ያለው የጥርስ ሐኪም፣ «ይቅርታ እመቤቴ፣ ግራ እግርዎ የእኔ ግዛት ውስጥ ገብቷል» አለኝ። «እንግዲያው ግብር አስከፍለኝ» ብለው ሁላችንም ሳቅን። ከዚያ ተንበርክኬ ችግኙን አስገባሁ። አፈሩን በእጄ ስጠቀጥቅ፣ ከአገር ከወጣሁ ወዲህ እጄ አፈር ነክቶ እንደማያውቅ ታወቀኝ። ለንደን ሁሉ ነገር በአስፋልት የተሸፈነ ነው። «አባባ» ብዬ ጮክ ብዬ ተጣራሁ መሰለኝ፤ ሐኪሙ አካፋውን ያዘልኝና ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ተመልሼ ይኸን ሁሉ ስነግራቸው ሚስ ፍሎራ እጄን ይዘው ሰሙኝ። ሲያበቁም፣ «ከክሮይደን የስደተኞች ቢሮ የመጓጓዣ ወረቀትሽ ወጥቷል፤ ታዲያ ለምን አገርሽ አልሄድሽም?» አሉኝ። እውነቱን ነገርኳቸው። ካልሄድኩ ዱሩ በሐሳቤ ቆሞ ይኖራል፤ ከሄድኩ ግን ያንን ጉቶ ነው የማገኘው፤ ፈራሁ አልኳቸው። እሳቸውም፣ «እኔም እንዲሁ ስል ስል እግሬ እምቢ ብሎ ቀደመኝ» አሉ።

ብዙነህም መልእክትዎን ካደረሰኝ በኋላ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ከጓሮ የዝግባና የጽድ ችግኝ እያፈሉ በየክረምቱ ተራራው ላይ እንደሚያስተክሉ አጫወተኝ። ዓይንዎ ስለማያይልዎ ቅጠሉን በጣትዎ እየዳበሱ ነው አሉ ደህናውን ከደካማው የሚለዩት። የዚህን ሁሉ ዓመት ደብዳቤ አገላብጬ አሰብኩ፤ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም። ለምን አባባ? ሳይጸድቅ ቢቀር ብለው ነው?

እንግዲህ ለጥያቄዎ መልሴ ይኸው፦ አይደለም። ቀብሬ እዚህ አይደለም፣ መሬትም አልገዛሁም። ቲኬቴን ቆርጫለሁ። ከዚህ አገር የሚሄድ ሰው ሁሉ ለአደይ አበባ ወይም ለጥምቀት ነው የሚመጣው፤ እኔ ግን በሐምሌ፣ ዝናቡ እየወረደ እመጣለሁ፣ ተከላው ያኔ ነውና። ደግፌ ጉድጓዱን ይቆፍር። እርስዎ ችግኙን እየዳበሱ ያቀብሉኝ፣ እኔ እተክላለሁ። ጉቶውም ካለ አይደብቁብኝ፤ እጄን ይዘው ያሳዩኝ።

ለእትዬ እህተማርያም ጉልበታቸውን ስሜ ሰላም እላለሁ፤ የሳል መድኃኒት ይዤላቸው እመጣለሁ። ደግፌ ወንድሜ፣ ላንተ የላስቲክ ቦት ጫማ አለልህ፣ የእግርህን ልክ ላክልኝ። መሠረት እህቴ፣ ይህን ሁሉ ስላነበብሽ አፌ ቁርጥ ይበልልሽ። ዝማሬን ሁለቱንም ጉንጯን ሳሙልኝ፤ አክስትሽ ናት ብላችሁ ከወዲሁ አስለምዷት፣ እንዳትሸሸኝ።

ናፋቂ ልጅዎ
ሮማንወርቅ ጋሻው

አርችዌይ፣ ለንደን
ግንቦት ፲፪ ቀን ፲፱፻፹፰ ዓ.ም.